ደንቡን ማወቅና ቋንቋውን መናገር

የሰዋስው ትምህርት ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚለው ጥያቄ የቋንቋ መምህራንን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። አንዳንዶቹ ደንቡን ያልተማረ ሰው ቋንቋውን አያውቀውም ይላሉ። ሌሎቹ ሕፃን ልጅ ያለ ምንም መጽሐፍ አፉን እንደሚፈታ እያስታወሱ፣ ደንብ ማስጠናት ጊዜ ማባከን ነው ብለው ይሞግታሉ። ክርክሩ የሚከርረው «ሰዋስው ያውቃል» ሲባል ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ስለሚደባለቁ ነው።

አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው «ዳቦ በላ» ይላል፤ ቀድሞ ስለሚታወቅ ዳቦ ሲያወራ ግን «ዳቦውን በላ» ይላል። «ዳቦው በላ» ቢባል ዳቦው ራሱ በይ ሆኖ ስለሚመጣ ወዲያው ጆሮውን ይቆረቁረዋል። ተሳቢው የታወቀ ነገር ሲሆን «ን» የግድ እንደሚጨመርበት፣ ካልታወቀ ግን በአብዛኛው እንደማይጨመርበት ማንም አላስተማረውም። ደንቡን አስረዳ ቢባልም ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ሲናገር ግን አይስትም። አማርኛን ካደገ በኋላ የሚማር የውጭ አገር ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደንቡን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተምሮ በደብተሩ ጽፎ ይወጣና ከሰው ጋር ወሬ ሲጀምር «መጽሐፉ ገዛሁ» ይላል። የመጀመሪያው ሰው ዕውቀት በልማድ የሰረጸ ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ ሲናገር ግን የማይደርስለት ዕውቀት ነው። የሰዋስው ትምህርት ክርክር በሙሉ የሚያጠነጥነው ይህ ሁለተኛው ዕውቀት ወደ መጀመሪያው ሊለወጥ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ጥያቄ ብዙም አልተጨነቁም። ላቲንና ጥንታዊ ግሪክ በሚያስተምሩበት መንገድ ፈረንሳይኛንና ጀርመንኛንም ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው ደንብ ያጠናል፣ ቃላት ይሸመድዳል፣ ዓረፍተ ነገር ይተረጉማል። በዚህ መንገድ መጽሐፍ ማንበብ የቻለ ብዙ ነው፤ መንገድ ጠይቆ መሄድ የቻለ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ማክሲሚሊያን በርሊትዝ አሜሪካ ውስጥ በፕሮቪደንስ ከተማ የከፈተው ትምህርት ቤት ትርጉምን ጨርሶ ትቶ፣ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚማሩት ቋንቋ ብቻ እንዲናገር አደረገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ቋንቋ የሚያውቁ ወታደሮች በአስቸኳይ ሲያስፈልጉት ደግሞ ዓረፍተ ነገር እየደጋገሙ ማስባል ተስፋፋ። ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ልምድ ቋንቋ ልማድ ነው ከሚለው የሥነ ልቦና አስተሳሰብ ጋር ተጋባ። ኖአም ቾምስኪ በ1959 ይህን አስተሳሰብ በጽኑ ተቸ፤ ሰው የሰማውን ብቻ እንደማይደግም፣ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር እንደሚፈጥር አሳየ።

ደንብ ከማስጠናት በሌላው ጫፍ የቆመው የቋንቋ ተመራማሪው ስቲቨን ክራሽን ነው። ክራሽን በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቋንቋ የሚለመደው ትርጉሙ የሚገባ ንግግርና ጽሑፍ በብዛት በመስማትና በማንበብ ነው አለ፤ በክፍል የተጠና ደንብ የሚጠቅመው የተናገሩትን ለመቆጣጠርና ለማረም ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ብዙ መምህራንን ከድርቅ ያለ ልምምድ አላቅቋል፤ ክራሽን በዚህ ሊመሰገን ይገባል። ድምዳሜው ግን ካናዳ ውስጥ ፈተና ገጠመው።

በሞንትሪያል አጠገብ በምትገኘው ሴንት ላምበርት ከ1965 ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ እንዲማሩ ተደረገ። ልጆቹ ፈረንሳይኛን ለዓመታት በየቀኑ ሰሙ፤ በመስማትና በማንበብም ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው ብዙም የማይርቁ ሆኑ። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን የስሞችን ፆታ ያምታቱ፣ የግስ ጊዜያትን ይስቱ ነበር። ሜሪል ስዌይን በ1985 ባቀረበችው ጽሑፍ የካናዳን ውጤት መርምራ፣ መስማት ብቻውን እንዳልበቃና ተማሪው ራሱ ለመናገርና ለመጻፍ መገደድ እንዳለበት አመለከተች። ልጆቹ ፈረንሳይኞች ለአክብሮት የሚጠቀሙበትን «ቩ»ም በሚገባ አልለመዱትም ነበር። መምህሩ አንድን ተማሪ ሲጠራ የሚለው «ቱ» (አንተ ወይም አንቺ) ነውና የአክብሮቱን አነጋገር ከየት ይሰሙታል? በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ የአማርኛ ተናጋሪዎች ልጆችም አያታቸውን «አንቺ» ሲሉ የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ እነሱን «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚላቸው ሰው እንጂ «እርስዎ» የሚላቸው የለም፤ ነገሩ የአስተዳደግ ጉድለት ተደርጎ ሊታይባቸው አይገባም።

ያለ ትምህርት በሥራና በኑሮ ብቻ የሚለመድ ቋንቋ እስከ የት እንደሚያደርስም ተጠንቷል። ሪቻርድ ሽሚት ሃዋይ ውስጥ ይኖር የነበረን አንድ ጃፓናዊ ሠዓሊ ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትሎ ውጤቱን በ1983 አሳተመ። በጥናቱ «ዌስ» የተባለው ይህ ሰው ተጫዋች ነበር፤ ከሰው መግባባት አይቸግረውም፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስዉ ግን በእነዚያ ዓመታት እምብዛም አልተሻሻለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይታያል። በዚያ ከእስያና ከአፍሪካ የሄዱ ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ጋር የሚግባቡበት የተቀናነሰ ዐረብኛ አለ፤ ግሱ ለ«እኔ»ም ለ«አንቺ»ም ለ«እሱ»ም ሳይለዋወጥ ባለበት ይነገራል። ለዕለት ሥራ ያግባባል። የሥራ ውል አንብቦ ለመረዳት ወይም መብት ተጥሶ አቤት ለማለት ግን አያበቃም፤ በየቤቱ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ዋጋ የሚከፍሉት እዚህ ላይ ነው።

ሽሚት ራሱ ብራዚል ውስጥ ፖርቱጋልኛ ሲማር ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በ1986 ከሲልቪያ ፍሮታ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በንግግሩ ውስጥ የገቡት ቅርጾች በአብዛኛው ሰዎች ሲናገሯቸው ልብ ያላቸው እንደነበሩ ገለጸ። ከዚህ በመነሣት በ1990 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬ የመስኩ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው፦ ተማሪ ልብ ያላለውን ነገር አይለምደውም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርበው ምሳሌ በእንግሊዝኛ ግስ መጨረሻ የምትመጣው «ስ» ናት። «ሺ ወርክስ» ማለት የሚገባው ተማሪ ለዓመታት «ሺ ወርክ» ይላል። ይኸው ተማሪ በአማርኛ «ይሠራል፣ ትሠራለች፣ ይሠራሉ፣ እንሠራለን» እያለ ከዚያ እጅግ የበዛ እርባታ በየደቂቃው ያለ ስሕተት ያወጣል። ታዲያ አንዲት ድምፅ ለምን ታቅተዋለች? በአማርኛ «እሷ» ማለት ስለማያስፈልግ ባለቤቷን የሚያስታውቀው «ትሠራለች» የሚለው ግስ ብቻውን ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሺ» ተብሎ ተጀምሯል፤ ፆታውም ቁጥሩም ከወዲሁ ታውቋል። ኋላ የምትመጣው «ስ» ለሰሚው አዲስ ነገር አትነግረውም፤ ስለዚህ ቀልብ አያርፍባትም። ሺህ ጊዜ ብትሰማም ሳትታይ ታልፋለች። የሰዋስው መምህር ዋና ሥራ እንዲህ ያለውን ነገር በጣት ማሳየት ነው።

ማሳየት ሲባል ግን በማንኛውም ጊዜ ማለት አይደለም። ማንፍሬድ ፒነማን በ1984 ጀርመንኛ የሚማሩ ጣልያናውያን ልጆችን አንድ የቃላት አሰካክ ደንብ አስተምሮ ነበር። በቋንቋው ልምድ ከዚያ ደንብ በፊት ያለውን ደረጃ የደረሱት ልጆች ደንቡን ወዲያው በንግግራቸው ተጠቀሙበት፤ ገና ያልደረሱት ግን ቢማሩትም አልተዋሐዳቸውም። መምህሩ በትክክል ያስተማረውን ተማሪው በሚቀጥለው ቀን ሲስተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ተማሪውን መበደል ነው።

ጆን ኖሪስና ሉርደስ ኦርቴጋ በ2000 የ49 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት አስልተው ሲያወጡ፣ ደንቡ በግልጽ የተነገራቸው ተማሪዎች ሳይነገራቸው እንዲለምዱት ከተተዉት የተሻለ ውጤት ማግኘታቸው ታየ። ውጤቱም ቶሎ የሚጠፋ አልነበረም። አጥኚዎቹ ራሳቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምረዋል፦ አብዛኞቹ ጥናቶች የለኩት በፈተና ወረቀት የሚወጣውን ዕውቀት እንጂ የነፃ ንግግርን ችሎታ አልነበረም። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያመለክተው፣ ደንብ የሚጠቅመው ትርጉም ባለው ንግግርና ንባብ መካከል በአጭሩ ሲነገርና ተማሪው ወዲያው ሲሠራበት መሆኑን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ የሚጠቀስ የቆየ ልምድ አለ። ግዕዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም፤ የቅኔ ቤት ተማሪ ግን ይደርስበታል። ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ትርጉሙን ገና በወጉ ሳያውቀው ዳዊትን በንባብ ከደገመ በኋላ ስለሆነ፣ ድምፁና ቃላቱ አስቀድመው ጆሮው ውስጥ አሉ። ከዚያ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ብለው የሚጀምሩትን ስምንቱን አርእስተ ግስ፣ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ይማራል። ደንቡ ግን ደብተር ላይ ተኝቶ አይቀርም። ተማሪው ገና ከጅምሩ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ያበላሸው እርባታ እዚያው ይታረምለታል፤ ቀስ በቀስም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የዋድላም፣ የዋሸራም፣ የጎንጅም መምህራን ሰዋስውን ያስተማሩት እንዲህ ተማሪው በየጊዜው አዲስ ነገር እንዲፈጥርበት እያደረጉ ነው። ዓላማው የዕለት ጭውውት አለመሆኑ እውነት ነው፤ ደንብና ሥራ ሳይነጣጠሉ የመሄዳቸው ነገር ግን ዘመናዊው ክፍል ሊወርሰው የሚገባ ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ለብዙ ተማሪ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ሳይሆን ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ከክፍል ውጭ የሚሰማው እምብዛም ስለሆነ «ሲኖር ይለምደዋል» የሚለው ምክር ለእሱ አይሠራም፤ ሰዋስው ያስፈልገዋል። የሚደርሰው ግን በአብዛኛው የ«ቴንስ» ዝርዝርና «አክቲቭ ቮይስ»ን ወደ «ፓሲቭ ቮይስ» የመለወጥ ልምምድ ነው፤ የሚፈተነውም ከአራት አማራጭ አንዱን በማክበብ ነው። እንዲህ የተፈተነ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያስጨንቀዋል። መምህሩ በግሉ የቱንም ያህል ቢተጋ ክፍሉ የሚከተለው ፈተናውን ነው። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱን ከሚያዘጋጁት ሰዎች የሚጠበቀው የመጀመሪያ እርምጃ ግልጽ ነው፦ በእንግሊዝኛም ሆነ በሁለተኛ ቋንቋነት በሚሰጠው አማርኛ ፈተና ላይ፣ ተማሪው ራሱ አስቦ የሚጽፈው አንድ አንቀጽ ይጨመር።