ያውቁ ኖሯል? አዲስ ሃርድ ዲስክ ከነጉድለቱ ነው የሚሸጠው

አዲስ የገዙት ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የተበላሹ ቦታዎች አሉበት። አምራቹም ያውቃቸዋል፤ የት የት እንዳሉ መዝግቦ ዝርዝሩን እዚያው ዲስኩ ላይ፣ ኮምፒውተርዎ በማይደርስበት ስፍራ አስቀምጦታል። ዲስኩ እነዚያን ቦታዎች እየዘለለ ስለሚሠራ እርስዎ ምንም አይታወቅዎትም።

ጉድለቶቹ የሚገኙበት ፍተሻ የሚጀምረው መረጃ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ሳህኖች ገና ሳይገጣጠሙ ነው። በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሌዘር ጨረር ያርፋል፤ ጭረት ወይም ብናኝ ካለ ብርሃኑ ይበተናል። ቀጥሎ ንዝረት የሚለይ የሙከራ ራስ ገጹን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ጉብታ ከመታው ሳህኑ ይጣላል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፦ በዛሬዎቹ ዲስኮች የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ የሚርቀው በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን በአሥር ሺዎች ናኖሜትር ይቆጠራል። ዲስኩ ከተገጣጠመ በኋላ የሳህኖቹ ገጽ በሙሉ እየተጻፈ እየተነበበ ይፈተሻል፤ የጉድለቶቹ ዝርዝር የሚሞላውም ያኔ ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይኸው ዝርዝር በዲስኩ ክዳን ላይ ተለጥፎ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዴም በእጅ ተጽፎ። ዲስኩን ለሥራ የሚያዘጋጀው ሰው የተበላሹትን ትራኮች (መረጃ የሚጻፍባቸውን ክብ መስመሮች) ቁጥር እያየ አንድ በአንድ በኪቦርድ ያስገባ ነበር፤ መቼም አሰልቺ ሥራ ነው።