ነጠላ የሚጠናው ሲቋጭ ነው

ሽማግሌዎች ጠቡን ቋጩት፣ ስብሰባው በስምምነት ተቋጨ እንላለን። ነጠላም ይቋጫል። ሸማኔው ጨርቁን ቆርጦ ሲያወርድ በሁለቱ ጫፍ ማግ ያልገባበት ድር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ዘርፍ ሳይቋጭ ከታጠበ የዳሩ ማግ እየሾለከ ይወጣል፤ ቀስ በቀስም ጥለቱ ይላላል። ስለዚህ መቋጨት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የልብሱ ዕድሜ ነው።

ሽመናው በአብዛኛው የወንዶች፣ መፍተሉና መቋጨቱ ደግሞ የሴቶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ ትልቁ የከተማው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ገበያው ቢሄድም በፒያሳ ግቢዎች ሙያው ቀርቶ ነበር፤ ልጆች ቡና እስኪፈላ ከጎረቤት እናቶች እያዩ ይማሩታል። በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ግን ጎረቤታሞች ተለያዩ። አሁን ካላስተማርን የሚያሳይ እጅ እየራቀን ይሄዳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ነጠላውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጫፉን ከባድ ነገር ይጫኑበት። ከዘርፉ ስምንት ክር ይቁጠሩና አራት አራት አድርገው ለሁለት ይክፈሉ። ሁለቱንም ለየብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ቀኝ ያክርሩ። ክሩ ሲለቁት መጠምዘዝ ከጀመረ በቅቶታል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ወደ ግራ ያክርሩ፤ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። ምስጢሩ ይህ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከከረሩ ሲለቀቁ ይፈታሉ። በመጨረሻ ጫፉን አንድ ጊዜ ቋጥረው ያጥብቁ። ቋጠሮዎቹ በአንድ መስመር እንዲውሉ የመጀመሪያውን መለኪያ ያድርጉት። የተረፈውን ክር የሚከረክሙት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ስለሚያስቸግር በቀን ብርሃን፣ አስፈላጊ ከሆነም በመነጽር ይሥሩ። በየግማሽ ሰዓቱ እጅዎን ዘርግተው፣ አንገትዎን ቀና አድርገው ይረፉ። ጣት ከደነዘዘ ወይም መገጣጠሚያው ካበጠ ሥራውን ያቁሙ፤ ካልተሻለዎት ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ለበዓል ወይም ለሠርግ ነጠላ ሲገዙ ጥለቱን ብቻ ሳይሆን ዘርፉንም ይመልከቱ። የሚያስቋጩ ከሆነም በዋጋው ብዙ አይከራከሩ፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ራስዎ ቢሞክሩት የእነዚያ እናቶች ድካም ይገባዎታል። ሌላውን ጫፍ ለልጅዎ ይስጡት።