«ሲያልቅ» ማለት መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ድርጅት ጽሑፍ እንድሠራ በቴሌግራም ተስማማን። ውላችን አንድ መስመር ነበር፦ «ክፍያ ሥራው ሲያልቅ።» ጽፌ ላክሁ። በእኔ ቤት ሥራው አልቋል። እነሱ ደግሞ «ገና አልታተመም፣ ስለዚህ አላለቀም» አሉኝ። የዚያን ወር የቤት ኪራይ ከጓደኛዬ ተበደርኩ።

ተናድጄ ነበር፤ ግን መልእክቱን ደጋግሜ ሳነበው ማንም አልዋሸም። ጋዳመር የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «እውነትና ዘዴ» ላይ፣ አንባቢ ቀድሞ የያዘውን ግንዛቤ ይዞ ነው ወደ ጽሑፍ የሚመጣው ይላል። እኔ ይዤ የመጣሁት ኪራይ ነበር፤ እነሱ የሕትመት ፕሮግራም።

ይሄ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ መምህራን የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ሲፈቱ አንዱን ትርጉም ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። አንድምታ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ደስ የሚለው፣ ሁለተኛው ስለመጣ የመጀመሪያው የግድ አይባረርም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንደፈለጉ መፍታት ግን አይደለም፤ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት ይፈጅበታል።

ውል ላይ «አንድም» አይሠራም። ወይ ይከፈላል፣ ወይ አይከፈልም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አስታውሱ። አማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያን ግን ግዴታ ነው ብላ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። «የትርጉም ስህተት ነው» ብሎ ማለፍ የዋህነት ይመስለኛል፤ ጣልያን ያነበበችው የምትፈልገውን ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ኦሊቨር ሃርት የሚባል ምሁር ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከቤንግት ሆልምስትሮም ጋር ኖቤል የተሸለመው። ውል ሁሉንም ነገር አስቀድሞ መጻፍ አይችልም፣ ስለዚህ ባልተጻፈው ላይ የሚወስነው ማነው የሚለው ነው ወሳኙ ይላል። ፈተና ላይ ጥሩ አድርጌ መልሼዋለሁ። ቴሌግራም ላይ ረሳሁት። የወሰኑት ብሩ እጃቸው ላይ ያለው ናቸው።

ክፍያው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። አሁን «ጽሑፉን በላክሁ በ7 ቀን ውስጥ» ብዬ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ «እሺ» ብቻ ብሎ መለሰልኝ። እሺ፣ ተስማምቻለሁ። አንድም፦ እሺ፣ አይቼዋለሁ።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት።