ከፊልም ሥራ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ

ነጋዴ የያዘውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሲዛወር ጎረቤት ሁሉ «ከሰረ» ብሎ ያማዋል። ይሁን እንጂ ዕቃው ወደ ገበያ የሚደርስበትን መንገድ በእጁ ለማድረግ ሲል የሚዛወርም አለ። በዚህ ረገድ የፊልም ባለሙያው አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያደረጉት ሽግግር ለንግዱ ማኅበረሰብ የሚያስተምረው አለ።

አቶ ዘረሰናይ በኢትዮጵያ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ የፊልም ሙያን የተማሩት በአሜሪካ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። እርሳቸው ጽፈው ያዘጋጁት፣ ባለቤታቸው ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮም በፕሮዲውሰርነት የተካፈሉበት «ድፍረት» የተባለው የአማርኛ ፊልም፣ ስለ ጠለፋ በተደረገ እውነተኛ የፍርድ ቤት ክርክር ላይ የተመሠረተ ነው። ፊልሙ በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በየካቲትም በበርሊን የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ ሊታይ እንግዶች ከተሰበሰቡ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ለአገሩ ሕዝብ የቀረበው እገዳው ከተነሣ በኋላ ነው።

የፊልም ንግድ ጠባዩ እንዲህ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ይወጣል፤ ገቢው በትኬት ጥቂት በጥቂት ይለቀማል፤ ዕቃው አንድ ብቻ በመሆኑም አንድ በር ሲዘጋ ንግዱ ሁሉ ይቆማል።

በ2008 ዓ.ም. አቶ ዘረሰናይ ከአቶ ናዝራዊ ገብረሥላሴና ከአቶ ኤልያስ ሹልዝ ጋር በመሆን፣ መቀመጫውን ዱባይ ካደረገው ከሞቢ ግሩፕ ጋር ተባብረው ቃና ቴሌቪዥንን አቋቋሙ። ጣቢያው የቱርክን ጨምሮ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ያቀርባል። የሥራው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ንግግሩ ይተረጎማል፤ ከተዋናዩ የከንፈር እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥም ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ ባለ ድምፁ ሥዕሉን እያየ በስቱዲዮ ይቀዳዋል፤ ከዚያም ድምፁ ከሙዚቃው ጋር ተዋሕዶ በሳተላይት ይሰራጫል። ዲሽ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ያያል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ነው።

አስመጪዎች የዚህን ሒሳብ ምስጢር በቶሎ ይረዱታል። የውጭው ድራማ የመሥሪያ ወጪውን በአገሩ ገበያ አስቀድሞ ስላስመለሰ፣ እዚህ የሚከፈለው የማሳያ መብቱና የትርጉሙ ዋጋ ብቻ ነው። አዲስ ድራማ ለመሥራት ግን ከተዋናይ እስከ መብራት ሁሉ ከኪስ ይወጣል። የአገራችን ከያንያን በዚያን ጊዜ ቅሬታ ያሰሙትም ስለዚህ ነበር። ክርክሩ ከውጭ የሚገባ ልብስ ከአገር ሸማኔ ጋር ያለውን ክርክር ይመስላል፤ በሁለቱም ወገን እውነት አለ። ለአንዱ እንጀራ የሆነው ሥራ ለሌላው የገበያ መጥበብ ሆኗል። ጣቢያው ከትርጉም ሥራዎቹ ጎን አገር በቀል ዝግጅቶችን ማሰናዳቱም ለዚሁ ቅሬታ ከቃል ይልቅ በሥራ የሚሰጥ መልስ ነው። አቶ ዘረሰናይ ራሳቸውም የጥንት ሙያቸውን አልተዉም፤ በ2012 ዓ.ም. መባቻ «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የተባለው ፊልማቸው በቶሮንቶ የፊልም በዓል ታይቷል።

ይህ ነገር ዋጫና ቦንጋ ላለ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ከፋ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ አላት። ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ መንገዱን ሌላው ከያዘው፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም መንገዱን የያዘው ነው። ሁሉም ጣቢያ ያቋቁም ማለታችን አይደለም። ማሩን አጣርቶ ስሙን በለጠፈበት ማሰሮ የሚሸጥ፣ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተባብሮ መኪና የሚከራይ ነጋዴ የመንገዱን አንድ ክፍል ይዟል። ባለ ሱቁም በማስታወቂያ የታየ ዕቃ ሲጠየቅ ጥያቄውን በመዝገብ ይጻፍ፤ በወሩ መጨረሻም ያንን ዝርዝር አይቶ ግዢውን ይወስን። ማስታወቂያ ለማስነገር የሚያስብ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ፈላጊው ቢበዛ የሚያቀርበው ዕቃ በመጋዘኑ መኖሩን ያረጋግጥ። ደንበኛ መጥቶ ዕቃ ካጣ፣ ማስታወቂያው የጠቀመው ተፎካካሪውን ነው።