ሰው እንዲገባው የጻፈው ቻይናዊ ባለቅኔ

ዛሬ የምናወራው ከ1,200 ዓመት በፊት በቻይና ስለኖረ አንድ ባለቅኔና ሹም ነው። ስሙ ባይ ጁዪ ይባላል። የተወለደው በ772፣ የሞተው በ846 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን የመረጥነው አንድ ጥያቄ ስለሚያነሳ ነው፤ ይኸውም የተማረ ሰው የሚጽፈው ለማን ነው? የሚል ነው።

እስቲ መጀመሪያ በዚያ አገርና በዚያ ዘመን መማር ምን ማለት እንደነበረ እንመልከት። የቻይና ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል አይደለም። የእኛ ፊደል ድምፅን ይወክላል፤ ፊደሉን የለየ ሰው ማንኛውንም ቃል ቆጥሮ ያነባል። የቻይና ምልክት ግን በአብዛኛው ትርጉም ያለውን ቃል ይወክላል። ስለዚህ ለማንበብ በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶችን ማጥናት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፤ እርሻው ለሚጠብቀው ሰው የሚሞከር አልነበረም።

የመንግሥት ሹመት ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ታላቁ የጽሑፍ ፈተና ነበር። ይህ ዓይነቱ ፈተና ከ600ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እስከ 1905 ዘልቋል። ሴቶች አይፈተኑም ነበር። ባይ ጁዪ በኖረበት በታንግ ነገሥታት ዘመን የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ልጆችም ተከልክለው ነበር።

የባይ ጁዪ አባት አነስተኛ ሹም ነበር፤ እሱ ሲሞት ቤተሰቡ ተቸገረ። ልጁ ግን ቀንና ሌሊት አጠና። ከማጥናቱ ብዛት አፉ እንደቆሰለ፣ ክርኑም እንደጠነከረ ኋላ ራሱ ጽፏል። በ800፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ፈተናውን አለፈ። ካለፉት 17 ሰዎች መካከል በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር።

እንዲህ ተደክሞበት የተገኘ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ሰውን ያኮራል፤ ከባድ ቃል ያስወድዳል። ስለ ባይ ጁዪ የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ግጥም በጻፈ ቁጥር ላልተማሩ አንዲት አሮጊት ያነብላቸው ነበር ይባላል። «እማማ፣ ገባዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ከገባቸው ይይዘዋል፤ ካልገባቸው ያስተካክለዋል። ይህ ወግ የተጻፈው እሱ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ እንደ ተረት ብንወስደው ይሻላል። ነገር ግን ተረቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። ባይ ጁዪ በ809 «አዲስ ዜማዎች» ተብለው የሚታወቁትን 50 ግጥሞች ሲያቀርብ፣ አንባቢ በቀላሉ እንዲረዳቸው አስቦ በግልጽ ቃል እንደጻፋቸው ራሱ ገልጿል።

ከእነዚህ ግጥሞች አንዱ ስለ አንድ ከሰል ሻጭ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ተራራ ላይ እንጨት ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ልብሱ ስስ ነው፤ ሆኖም ከሰሉ ዋጋ እንዲያወጣለት ብርዱ እንዲበረታ ይመኛል። ሌሊት በረዶ ጣለ። በማለዳ በሬውን በጋሪ ጠምዶ ወደ ዋና ከተማው ወደ ቻንጋን ወረደ። እዚያም ሁለት ፈረሰኞች ከቤተ መንግሥት መጡ። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል፤ የንጉሥ ትእዛዝ ነው ይላሉ። ከስድስት ኩንታል የማያንሰውን ከሰል ከነጋሪው ወደ ቤተ መንግሥት ነዱት። ለዋጋው ጥቂት የሐር ጨርቅ በበሬው ራስ ላይ አሰሩለት፤ በቃ። ይህ ፈጠራ ብቻ አልነበረም። የቤተ መንግሥት ጃንደረቦች ከገበያ ዕቃ በዚህ መንገድ ይወስዱ ነበር።

ልብ በሉ፤ በግጥሙ ውስጥ ሽማግሌው ያንን ወረቀት ሲያነብ አናይም። ጽሕፈት በአንዱ እጅ ሆኖ ከሰሉን ወሰደበት፤ በሌላው እጅ ሆኖ መሰከረለት። ለምስክርነቱ ግን ዋጋ ይከፈላል። ባይ ጁዪ በግጥሞቹ ብዙ ባለሥልጣኖችን አስቀይሞ ነበር። በ815 ዋናው ሚኒስትር በቻንጋን መንገድ ላይ ሲገደል፣ ገዳዮቹ እንዲያዙ አቤቱታ ጻፈ። «ሥራህ ያልሆነውን ነካህ» ተባለና ሹመቱ ዝቅ ብሎ ራቅ ወዳለው ወደ ጂያንግጆ ተላከ።

ከዚያ ሆኖ ለወዳጁ ለዩዋን ዠን በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ግጥሞቹን በመንገዱ ሁሉ በመንደር ትምህርት ቤት፣ በቤተ መቅደስ፣ በእንግዳ ማረፊያ ተጽፈው እንዳገኛቸው ይናገራል። ማንበብ የማይችሉትም በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ያሳዘነው ግን ሰው አብዝቶ የወደደለት የችግረኞቹን ግጥሞች ሳይሆን ሌሎቹን መሆኑ ነው።

ከ822 እስከ 824 ባለው ጊዜ የሃንግጆ ከተማ ገዥ ሆነ። በዚያ ያለው ሐይቅ ውሃ በድርቅ ጊዜ ለማሳ እንዲደርስ ግድቡን ከፍ አደረገ። ሲሄድም ለሚተኩት ሹሞች መመሪያ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ውሃው በአንድ ጣት ያህል ዝቅ ሲል ምን ያህል ማሳ እንደሚያጠጣ ይገልጻል። ገበሬ ውሃ ሲጠይቅ ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ እየተንከባለለ አሥር ቀን ከፈጀ ቡቃያው ይደርቃልና በቶሎ ይለቀቅለት ይላል። በመጨረሻም አንባቢ በቀላሉ እንዲያውቀው ብሎ ቃሉን እንዳላስጌጠ ይጨምራል።

እንግዲህ ይህ ሰው ወደ 2,800 የሚሆኑ ግጥሞች ትቶልን አልፏል። ቀላል ቃል የመረጠው ከባዱን ስላላወቀ አይደለም፤ ፈተናውን ያለፈው በከባዱ ነው። እናንተም ገና ፊደል የቆጠራችሁ፣ ለዘመድ ደብዳቤ ወይም ለጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ስትጽፉ ሰው የሚገባውን ቃል ለመጻፍ አትፈሩ። እኛ መምህራንም ብንሆን ከዚህ የምንማረው አለን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ሽማግሌው ወረቀቱን ማንበብ ቢችል ኖሮ ከሰሉን ያድን ነበር? ለምን?
2. በአካባቢያችሁ ከተለጠፉ ማስታወቂያዎች አንዱን ላልተማረ ጎረቤት አንብቡለት። ያልገባው ቃል የትኛው ነው? በምን ቃል ትተኩታላችሁ?