አገዳ ቆርቁርና ፉዛሪየም፦ በአንድ የበቆሎ ተክል ላይ የሚደጋገፉ ሁለት ወራሪዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባኮ በበቆሎ ምርምር የታወቀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢ.ኤች. 660 እና መሰሎቹ የሚጠሩበት «ቢ.ኤች.» የተሰኘ መለያ «የባኮ ዲቃላ» ማለት ነው። ሆኖም በቆሎ ሰውን ብቻ ሳይሆን ነፍሳትንና ደቂቅ ዘአካላትንም ይመግባል። የአንዱ ወረራ ለሌላው እንዴት መንገድ እንደሚከፍት መረዳት ለሰብል ጥበቃ መሠረታዊ ነው።

በኢትዮጵያ ወይና ደጋና ደጋማ አካባቢዎች ዋናው አገዳ ቆርቁር ቡሴዮላ ፉስካ ነው። ሴቷ የእሳት እራት እንቁላሎቿን በቅጠሉ ሰገባና በአገዳው መካከል ትጥላለች። የተፈለፈሉት እጮች በመጀመሪያ ያልተዘረጉ ለጋ ቅጠሎችን ይመገባሉ፤ ጠንከር ሲሉ አገዳውን በስተው ይገባሉ። በቆሎው ግን ያለ መከላከያ አልተተወም። ለጋ ቅጠሎቹ ቤንዞክሳዚኖይድ የተባሉ ውሁዶችን ከስኳር ጋር አጣምረው ጉዳት በማያደርስ መልክ ያከማቻሉ፤ ቅጠሉ ሲታኘክ ኢንዛይም ስኳሩን ይነጥልና መርዙ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ የታየው መጤ ተምች ይህን መከላከያ የሚያከሽፈው በአንጀቱ ውስጥ ስኳሩን ከመርዙ ጋር መልሶ በማያያዝ ነው።

እጩ የከፈተው ቀዳዳ ለፉዛሪየም ቨርቲሲሊዮይደስ በር ይሆናል። ይህ ፈንገስ በዘር፣ በበቆሎው ጸጉርና በቁስል በኩል ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ምንም ምልክት ሳያሳይ በተክሉ ውስጥ ይኖራል። እጮች ስፖሩን ተሸክመው ወደ አገዳውና ወደ ፍሬው ያደርሱታል። ግንኙነቱ ግን በዚህ አያበቃም። በብራዚል በሸንኮራ አገዳና በአገዳ ቆርቁሩ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ፈንገሱን ያልተሸከሙ እራቶች እንቁላል ለመጣል የተበከለውን ተክል ሲመርጡ፣ የተሸከሙት ጤናማውን ይመርጣሉ፤ ፈንገሱም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ነፍሳቱ ለፈንገሱ ማጓጓዣ ሆነዋል ማለት ነው። ይኸው ትስስር በቡሴዮላ ፉስካና በበቆሎ መካከል ይኖር እንደሆነ መመርመር ለባኮ ማሳዎች የሚገባ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ከምርት መቀነስ ያለፈ ነው። ፈንገሱ ፉሞኒሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በተለመደው አበሳሰል በቀላሉ አይጠፋም፤ ለዓይን ንጹሕ በሚመስል እህል ውስጥም ሊገኝ ይችላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፉሞኒሲን ቢ1ን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከተባሉት መካከል መድቦታል።

የአገዳ ቆርቁሩ እጭ በጋውን የሚያሳልፈው በደረቀ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ነው፤ ፉዛሪየምም በዚያው ቅሪት ይቆያል። አገዳውን ማቃጠል ሁለቱንም ቢቀንስም፣ ለገበሬው አገዳ መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ያመለከቱት አማራጭ አገዳውን ቆርጦ በማሳው ላይ ለሳምንታት ለፀሐይ ማስጣት ነው፤ ሙቀቱ አብዛኞቹን እጮች ይገድላል፣ አገዳውም ለአገልግሎቱ ይተርፋል። ስለዚህ የነፍሳት ቁጥጥርና የእህል ደኅንነት ጥናቶች ተነጣጥለው ሳይሆን በአንድ ማሳ ላይ ተጣምረው ሊካሄዱ ይገባል።