የታንኩ ጌጅ ሲሳሳት ኪሳራው የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቻግኒና ጉባ ይታጠፋል። የፋግታ ለኮማን ከሰል የሚያጓጉዙት አይሱዙዎች ሳይቀሩ በዚሁ መስመር ስለሚመላለሱ የናፍጣ ገበያ በአዊ ዞን ፈላጊ አያጣም። በዚህ መስመር ማደያ ለመክፈት ወይም ለመግዛት የሚያስብ ባለሀብት ግን አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ከመሬት ሥር ያለውን ታንክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍሎት የሚሠራ ጌጅ የሚለካው የነዳጁን ከፍታ ብቻ ነው። ተንሳፋፊው ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል። ከፍታውን ወደ ሊትር የሚለውጠው ለታንኩ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። ታንኩ ደግሞ እንደ በርሜል በጎኑ የተጋደመ በመሆኑ አንድ ሴንቲ ሜትር በሁሉም ቦታ እኩል ሊትር አይይዝም። ስፋቱ 2.5 ሜትር በሆነ ባለ 50,000 ሊትር ታንክ መሐል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 255 ሊትር ገደማ ነው። ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን 100 ሊትር ብቻ ነው።

ይህን ያላገናዘበ ጌጅ ነዳጁ ከቁመቱ ሩብ ላይ ሲደርስ 12,500 ሊትር አለ ይላል። በታንኩ ውስጥ ያለው ግን 9,775 ሊትር ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የናፍጣ ዋጋ፣ በ98 ብር ከ98 ሳንቲም፣ ልዩነቱ ሲሰላ 270 ሺህ ብር ይጠጋል። ማደያውን በጌጅ ንባብ የተረከበ ገዢ ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ለባዶ ታንክ ነው። የችርቻሮ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት በመሆኑ የጎደለውን በሊትር ላይ ጨምሮ ማካካስም አይቻልም። ቁመቱ ሦስት ሩብ ሲደርስ ስህተቱ ይገለበጣል፤ የ12,500 ሊትር ቦታ ያለ ሲመስል ያለው 9,775 ነው። ያን ጊዜ ቦቴው ሲያራግፍ ነዳጁ ይፈሳል፤ አደጋው ከገንዘብ በላይ ነው።

ሌላው ጣጣ የታንኩ ማዘንበል ነው። ዝናቡ በማይሰስትበት በአዊ ምድር አፈሩ ቢሰምጥና የታንኩ አንድ ጫፍ ከሌላው 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ጫፉ ላይ የተተከለ ጌጅ ታንኩ ግማሽ በሆነበት ጊዜ ከ1,200 ሊትር በላይ ይሳሳታል። ከዳንግላ ማደያ የተቀዳ ሠንጠረዥ ለእንጅባራው ታንክ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ካሊብሬሽን ነው። ታንኩ ባዶ ይደረግና ልኩ በተረጋገጠ ዕቃ፣ ለምሳሌ በ500 ሊትር መጠን፣ ነዳጅ እየተጨመረ ፈሳሹ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ የጌጁና የዲፕ ስቲኩ ንባብ ጎን ለጎን ይመዘገባል። ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ሲቀነስም መፈተሽ አለበት፤ ሲወጣ የማይያዝ ፍሎት ሲወርድ የሚያዝበት ጊዜ አለ። በውኃ የተስተካከለ ጌጅ ለናፍጣ፣ በናፍጣ የተስተካከለውም ለቤንዚን እንዳለ አይሆንም። ቤንዚን ቀላል ስለሆነ ፍሎቱ ይበልጥ ይሰምጥበታል። ናፍጣ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰምጥ ጎኑ ቀጥ ያለ ፍሎት ቤንዚን ላይ ከ11 ያልፋል፤ ይህም መሐል ላይ ከ300 ሊትር በላይ ነው።

ሥራው ማደያውን ለጊዜው ስለሚያስቆም ባለቤቶች ቢያመነቱ አይገርምም። ይሁንና ሁሉም ጉድለት የጌጁ ወይም የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። በጅቡቲ ሙቀት የተጫነ 45,000 ሊትር ናፍጣ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 560 ሊትር ያህል ይቀንሳል። በመሆኑም ቦቴ ሲረከቡ ቴርሞ ሜትር አብሮ ካልተነበበ፣ በሚገባ የተስተካከለ ጌጅም ሹፌርና ማደያን ያጣላል።